በቁልፍ ከተነሳች አትሸጥም

ፒክአፓችን ከአባታችን የወረስናት አሮጌ የናፍጣ መኪና ናት። እኔ እነዳታለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ያዝባታል። ከሁሩሙ ማር፣ ከቡሬ ቡና ጭኜ መቱ ገበያ የማራግፈው በሷ ነው። መጀመሪያ ሴት ሹፌር ብሎ ያልሳቀብኝ የለም፤ ኋላ ግን የሳቀው ሁሉ ማሬን አድርሺልኝ እያለ ደጅ ጠናኝ። እሰይ!

አንድ ክፉ አመል ነበራት፤ ጠዋት አትነሳም። ቀን ቀን ማለፊያ ናት፣ ስታድር ግን ማስነሻው ሞተሪኖ እህህ እያለ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ለዚህ መቱ ውስጥ የታወቀ መድኃኒት አለ፦ ማንቆርቆሪያ ትጥዳለህ፣ የፈላውን ውሃ የናፍጣው ማጣሪያ ፊልትሮ ላይ ታፈስበታለህ። ወንድሜ ይህን እንደ ጸሎት ነው የያዘው። ቤተክርስቲያን ስሞ ይመለሳል፣ ማንቆርቆሪያውን ያነሳል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ያጠምቃታል። ጥምቀቱ ካልሠራ ደግሞ ማዶ የቆሙት ባጃጅ ነጂዎች አሉ። "እትዬ፣ እንግፋ?" ይሉኛል ጥርሳቸውን እያሳዩ። ደጃችን ሜዳ ስለሆነ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ያልባቸዋል።

ክረምት ሲገባ ባሰባት። "እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ!" እላታለሁ መሪውን እየደበደብኩ። አንድ ቀን የሰው ማር እንደጫንኩ ገበያው አመለጠኝ፤ በዚህ የወንድሜ ትዕግሥት አለቀ።

"ትሸጥ" አለ። "ቡሬ ገዢ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ያዩዋታል።"

ደሜ ፈላ። "እሷ ከተሸጠች እኔ ምን ልሆን ነው ጋሼ? ቤት ተቀምጬ የጣሪያ ቆርቆሮ ልቁጠር?"

"ያለ ውሃ፣ ያለ ገፊ፣ በቁልፍ ከተነሳች አትሸጥም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!" አለና ሳቀ። እንደማትነሳ ያውቃላ!

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። በማግስቱ ኮፈኑን ከፍቼ ፊልትሮውን በጨርቅ ስወለውል ጨርቁ ናፍጣ ይዞ ወጣ። እዚያ ላይ ናፍጣውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ትንሽ ዕቃ ተገጥሟል። ሽቦው የሚሰካበት በዝገት አረንጓዴ ሆኗል፤ ዙሪያውን የሚይዘው የጎማ ቀለበት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለካ ሌሊቱን በዚያ ስንጥቅ አየር እየሳበች ናፍጣው ወደ ታንኩ ይመለስባት ኖሯል! ጎማውንስ ማን አደረቀው? ያ የተባረከ ማንቆርቆሪያ ነዋ! የፈላው ውሃ ጎማውን ለአፍታ ያለሰልሰዋል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ትነሳለች፣ እኛም እልል እንላለን። በነጋታው ስንጥቁ ይሰፋል። መድኃኒት ብለን ስንት ክረምት በሽታዋን ስናጠጣት ኖርን። ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ።

መካኒኩ ጋ ሄድኩ። "መቱ ላይ ምን ብርድ አለና ነው የነዳጅ ማሞቂያ? ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፣ ነቅለሽ ጣይው" አለኝ።

"ቀዳዳውን በምን ልድፈነው? በጣቴ?"

ሳቀና ጓሮው ከወደቀች መሰሏ መኪና ላይ ደህና ማሞቂያ እንድፈታ ፈቀደልኝ። አዲስ የጎማ ቀለበት ከመለዋወጫ ሱቅ ገዛሁ። ራሴ ገጠምኩት። ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ በእጅ ፓምፑ አየሩን ሳስወጣ አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ። ለወንድሜ ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ዶፍ ይወርዳል። የቡሬው ሰውዬ ጃንጥላ ይዘው ደጃችን ቆመዋል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይጠሩ ሱሪያቸውን ሰብስበው መጥተዋል። ወንድሜም እንደ ልማዱ የሚጨስ ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥሎ ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ እዚያው ቁም! ጠብታ እንዳትነካት!" ብዬ ጮኽኩ።

ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ ብቻ እህ አለችና ግም ብላ ተነሳች! "ካአቴ! ካአቴ!" እያሉ ባጃጅ ነጂዎቹ ዝናቡ ውስጥ ዘለሉ፤ በኦሮምኛ ተነሳች፣ ተነሳች ነው የሚሉት። እኔም መስኮቱን አውርጄ እልልታዬን አቀለጥኩት። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰውዬው ግን ጃንጥላቸውን አጠፉና ኮፈኗን መታ መታ አደረጉ። "እንዲህማ ከሆነች ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ!"

ወይ ጉድ! እልልታዬን አቋረጥኩ። አሳምሬ አድኜ ለገዢ አዘጋጅቻት ነው ለካ! ወንድሜን አየሁት። እሱ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ማንቆርቆሪያውን ያያል፣ እንደገና ሞተሩን ያዳምጣል። ዝናቡ ትከሻውን አረጠበው።

"ውሃው ፈልቷል" አላቸው በመጨረሻ። "ይግቡና ሻይ ጠጥተው ይሂዱ።"

"መኪናዋስ?"

"እሷማ" አለ ወንድሜ በሩን እየከፈተላቸው፣ "ከሁሩሙ ማር ልታመጣ ነው።"