ኤልፍነሽ የተቀመጠችበት እሑድ

ኤልፍነሽ መቆም ታውቅበታለች። በአሥራ አምስት ዓመቷ እሜቴ ተናኘወርቅ ቤት ገብታ፣ በፈረንጆቹ 1976 ሠላሳ ሦስት እስኪሞላት ድረስ፣ እሳቸው ሲበሉ ተቀምጣ አታውቅም። አዲስ አበባ ቆመች። የእሜቴ ባል፣ ጌታው፣ ለሥራ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወሩ ተከትላ መጣችና ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለችው ጠባብ አፓርታማም ቆመች። ኋላ መንግሥት ተገለበጠ፤ ጌታው አገር ቤት ተጠርተው ታሰሩ። እሜቴም ዳውንታውን አንድ ቢሮ ታይፒስት ሆነው ገቡ። ለአለቆቹ ቡና የሚቀዱትም እሳቸው ነበሩ። ኤልፍነሽ ይህን ታውቃለች፤ የምታውቅ ግን አትመስልም። ማታ ቤት ሲገቡ ወንበራቸው ያው የጥንቱ ወንበር ነው፤ እሷም ከኋላቸው፣ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ።

ያን ሰሞን ለእሜቴ ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። ፓሳዴና አንድ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሥራ አግኝታለች፤ የምታድርበት ክፍልም አለው። የምትጀምረው ሰኞ ሳምንት ነው። ለእሜቴ ልንገር ትልና ሳህኑን አንስታ ትመለሳለች። ወጥ ቤት ገብታ ታንጎራጉራለች፦

ስቆም ውዬ ሳመሽ እግሬ ነገር ያዘ፣
ምላሴ ፈርቶ እንጂ ልቤስ ተጓጓዘ።

ምስጢሩን የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው። ፎቁ ላይ የሚኖሩት የፑንጃብ ሴት፣ እትዬ ሐርባንስ ካውር፣ እዚያው ሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራሉ፤ ሥራውንም ያገኙላት እሳቸው ናቸው። ኤልፍነሽ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «እንዴት ልንገራቸው?» ብትላቸው፣ «እሑድ ሁለታችሁም ወደ ጸሎት ቤታችን ኑ» ብቻ አሏት።

እሑድ በአሮጌ ፎርዳቸው ወሰዷቸው። እትዬ ሐርባንስ ሲነዱ አንድ እጃቸው መሪው ላይ፣ ሌላው ወሬው ላይ ነው። ከፊት የተቀመጡት እሜቴ፣ ሃይማኖታቸው ምን እንደሚያስተምር ጠየቋቸውና መልሱን ወደ ኋላ ዞረው ለኤልፍነሽ ተረጎሙላት።

«ሲክ ማለት ደቀ መዝሙር ማለት ነው አለች። ደቀ መዝሙር የፈጣሪን ስም አይረሳም፣ በላቡ ይበላል፣ ያለውን ያካፍላል። በሰው ሁሉ ውስጥ ያለው ብርሃን አንድ ነው፤ ትልቅ ትንሽ የለውም አለች።» ቀጥ ብለው ተቀመጡና ጨመሩ፦ «መልካም ነው። ከእኛው አይርቅም።»

ኤልፍነሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። በላቡ ይበላል የሚለውን በእሜቴ አፍ መስማቷ ጉድ ሆነባት።

ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ እንግድነት አልተሰማቸውም። ጫማ ማውለቅ የለመዱት ነው፤ ነጠላቸውንም ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። ውስጥ መዝሙሩ በከበሮ ይፈሳል። ቃሉ ባይገባትም ዜማው ኤልፍነሽ ልብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወደ ማዕዱ ክፍል ወረዱ። ወለሉ ላይ ረጅም ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው በተርታ ተቀምጧል፤ ሱፍ የለበሰ ሐኪም፣ ጸጉረ ረጅም የፈረንጅ ወጣት፣ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት። ምግቡ ምስር፣ አትክልትና ቂጣ ነው።

«እነዚህስ ዓመቱን ሙሉ ጾመኞች ናቸው» አሉ እሜቴ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከአሮጊቷ ጎን እየተቀመጡ።

ኤልፍነሽ ግን አልተቀመጠችም። እግሯ እንደለመደው ከእሜቴ ጀርባ ሄዶ ቆመ። አንድ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ የቂጣውን መሶብ ተሸክመው ሲያልፉ፣ ቆማ ቢያዩዋት ለማስተናገድ የመጣች መስሏቸው ፈገግ አሉና መሶቡን አስታቀፏት። ምን ታድርግ? ማደል ጀመረች። እያንዳንዱ ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ ይዘረጋል፤ እሷም ቂጣውን መዳፉ ላይ ታኖራለች። ሐኪሙ ዘረጋ። ወጣቱ ዘረጋ። አሮጊቷ ዘረጉና በቋንቋቸው መረቋት።

ቀጥሎ እሜቴ ናቸው።

እሜቴ አንድ እጃቸውን ብቅ አደረጉ፤ ግራ ቀኙን አዩና መለሱት። በሁለት እጅ የሚቀበል ታናሽ ነው፤ እሳቸው ከኤልፍነሽ እጅ አንድም ቀን እንዲህ ተቀብለው አያውቁም። ከዚያ ሁለቱንም መዳፋቸውን ገጥመው ወደ ላይ ዘረጉ። ኤልፍነሽ የእሜቴን መዳፍ ከውስጥ በኩል ያየችው ያኔ ነው። የታይፕ ቀለም የነካካው፣ ደረቅ፣ እንደ ማንም ሰው መዳፍ። ቂጣውን መሐሉ ላይ አኖረች።

«አሁን ቁጭ በይ» አሏት እትዬ ሐርባንስ መሶቡን ተቀብለዋት። «እዚህ ያበላ ይበላል። ቆሞ የሚቀር የለም።»

ተቀመጠች። ጉልበቷ ከእሜቴ ጉልበት ጋር ተነካካ። አንድ ጉርሻ እንኳ ሳትበላ ተናገረችው።

«እሜቴ፣ ፓሳዴና ሥራ አግኝቻለሁ። እዚያው ላድር ነው።»

እሜቴ ያኘኩትን ዋጡ። «መቼ?»

«ሰኞ ሳምንት።»

«አሥራ ስምንት ዓመት አፍ ሳይኖርሽ፣ ዛሬ ቁጭ ብለሽ ነው የምትነግሪኝ?»

«ቆሜማ አቃተኝ፣ እሜቴ።»

እሜቴ ሊስቁም ሊያለቅሱም የፈለጉ መሰሉ፤ አንዱንም አላደረጉት። «ብዪ፣ ምስሩ ቀዘቀዘ» አሉ።

ሲመለሱ እትዬ ሐርባንስ ሁለቱንም እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ነዱ። ቤት ሲገቡ እሜቴ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገቡ። ኤልፍነሽ ልትከተል ቃጣትና ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ የእሜቴን ወንበር ግን አይደለም። የቁም ሳጥን መዝጊያ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ እንደገና ሲከፈት ትሰማለች።

«ኤልፌ» አሉ እሜቴ ከውስጥ፣ «ሻይ ላፈላ ነበር። ክብሪቱ የት ነው የሚቀመጠው?»

ኤልፍነሽ ከወገቧ ብድግ አለች፤ መልሳ ቁጭ አለች።

«በስተግራ፣ መሳቢያው ውስጥ ነው» አለች፣ እንደተቀመጠች።