ወተቱ አልረጋ ሲል

እናቴ ስትሞት አላለቀስኩም። አክስቴ ጎሸም አድርጋኝ «ኧረ ሰው ምን ይላል?» ብትለኝም ዓይኔ እንደደረቀ ቀረ። የበላሁት ሁሉ ውሃ ውሃ ይለኝ ነበር። ማዘኔን እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም።

እህቴ ለለቅሶ ደራሽ ጥሊሊ ከተማ ያለውን የወላጆቻችንን ቤት ስታጸዳ የእናታችንን የወተት ቅል በበረኪና አጠበችው። ደግ የሠራች መስሏት ነው። ቅሉ ውስጥ ተጣብቆ የኖረው እርሾ አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የረጋውን እርጎ አባቴ አንዴ ቀምሶ አስቀመጠው። እህልም እየተወ ነበር። ልሰናበተው ስል «የሷ እርጎ ከቶ የለም?» አለኝ። ሰው መለመን የማያውቅ ሰው ስለሆነ ጥያቄው ከበደኝ።

ነበረ። እንጅባራ በምማርበት ቤተ ሙከራ፣ ለመመረቂያ ጥናቴ ከእርጎዋ የለየሁት ባክቴሪያ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። አውጥቼ ወተት ውስጥ ጨመርኩት። በማግስቱም ወተቱ ወተት ነው። የሚያኮመጥጠውና የሚያረጋው ላክቲክ አሲድ የለም ማለት ይቻላል።

ነገሩን አጣራሁ። ጂን ስላለ ብቻ ሥራ አይሠራም፤ ባክቴሪያው ጂኑን ገልብጦ፣ በቅጂው መሠረት የወተትን ስኳር የሚሰብር ኢንዛይም መሥራት አለበት። የእኔው ባክቴሪያ ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ የከረመው ግሉኮስ እየበላ ነው። የተዘጋጀ ሲቀርብለት ምን ቸገረው? ጂኑን ዘግቶ ተቀመጠ። ስለካው ጂኑ በቦታው አለ፤ ቅጂው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

አማካሪዬ ውጤቱን አይተው «አልሞተም። ወተት ብቻ ስጪውና ታገሺ» አሉኝ። እሳቸው ያወሩት ስለ ባክቴሪያው ነው። እኔም የሰማሁት ስለ ባክቴሪያው ነው።

ወተት ብቻ ሰጠሁት። ከአንዱ ወተት ወደ ሌላው እያዛወርኩ ስለካ ቅጂው ጨመረ፣ አሲዱም ተከተለ። አንድ ጠዋት ብርጭቆውን ሳዘነብለው ወተቱ አልፈሰሰም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዘል ነበር፤ ያን ቀን ብርጭቆውን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ቤቴ ወስጄ በንጹሕ ጠርሙስ አረጋሁትና በነጠላ ጠቅልዬ ጥሊሊ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አባቴ ቀመሰ። «እሷ ናት» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ጢሱ ቀረ እንጂ» አለ።

እናቴ ወተት ከማድረጓ በፊት ቅሉን በወይራ ታጥነው ነበር። በእኛ ቤት ይህን ወንድ ሲሠራው አይቼ አላውቅም። አባቴ ግን ተነስቶ ወይራ ለኮሰ፤ ቅሉንም ጢሱ ላይ ደፋው። አያያዙ አላማረም፤ ጢሱ ግማሹ ወደ ፊቱ ይመጣል።

«አባባ፣ እኔ ልያዘው?» አልኩት።

«ተይኝ» አለ።

ሲበቃው እርጎውን ቅሉ ውስጥ ገልብጦ ከደነው። ጥቂት አቆይቶ ለራሱ ቀዳና እስከ መጨረሻው ጠጣ። ለእኔም ቀዳልኝ።

«ጠጪ እንጂ» አለኝ።

ጠጣሁ። ኮመጠጠኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አፌ ጣዕም ሲለይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ኩባያውን ሳላስቀምጥ አለቀስኩ።