አባቴን ከቤቱ ያስወጣሁበት ውሸት

ለባሌ አልነገርኩትም። አጣዬ ላለችው እህቴም አልነገርኳትም። አባታችንን ቀብረን ሰው ለቅሶ ሲደርሰን፣ «አባቷን እንደ እሷ የጦረ ማን አለ» እያለ ሲያመሰግነኝ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ እንጂ ተሳስታችኋል አላልኩም። እናንተን አላውቃችሁም፤ ስለማላውቃችሁ ይሆናል ለእናንተ መናገር የቻልኩት። አባቴን ዋሽቼዋለሁ። ዓይኑ የማያይ አባቴን፣ አለማየቱን ተጠቅሜ፣ ዋሽቼ ከገዛ ቤቱ አውጥቼዋለሁ።

አባቴ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ባለ ቀበሌ ሽንኩርትና ማሾ ሲያመርት የኖረ ገበሬ ነበር። ዓይኑ የጠፋው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ የሰው ፊት መለየት አቃተው፤ ኋላ ብርሃኑ ራሱ ራቀው። እናቴ ስትሞት ብቻውን ቀረ። ነገር ግን በዚያ ራሱ በእንጨትና በጭቃ በሠራው ቤት ውስጥ ላየው ሰው ዓይኑ አያይም ለማለት ይከብድ ነበር። ጀሪካኑ የት እንዳለ ያውቃል። ለሶላት ውዱእ አድርጎ ብቻውን ይወጣል። የመስኖውን ቦይ ድምፅ በግራው እየሰማ ይሄድና መስጊዱ ይደርሳል፤ ሲመለስ ውሃውን በቀኙ ያደርጋል። በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ በድምፁ እየለየ የልጆቹን ደህንነት በየስማቸው ይጠይቃል። ቤቱ ሲደርስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቃጫ ይገምዳል። በአካባቢው የፍየል ማሰሪያ የፈለገ ሰው የሚመጣው እሱ ዘንድ ነበር።

እኔና ባሌ ሰይድ ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ቤት እያሠራን ነበር። ስድስት ዓመት ፈጀብን። ቆርቆሮው ሲመታ፣ ሴራሚኩ ሲለጠፍ ቆሜ ያሠራሁት እኔ ነኝ። እስከዚያው በኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ እንኖራለን። በየቀኑ ጠዋት በባጃጅ ለአባቴ ምግብ አደርስለታለሁ፤ ልብሱን አጥባለሁ፤ ቤቱን ጠርጌ እመለሳለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ግን ድካሜን ሰበብ አታድርጉልኝ።

ቤቱ ሊያልቅ ሲል አባቴን አብሮን እንዲገባ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነው።

«እዚህ እኮ አያለሁ» አለኝ። «የምታወረው እዚያ ስገባ ነው።»

ይህን ለሰይድ ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ እንግዲያው አዲሱን አከራይተን እኛ እሱ ዘንድ እንግባ አለኝ። ከጎኑ አንድ ክፍል ከቀጠልንበት ይበቃናል፤ እኔም ወደ ሱቄ በባጃጅ እመላለሳለሁ አለ። ታዲያ ምን ጎደለኝ? ማን ከለከለኝ? ሁለት ቤት ፊቴ ነበረ፣ መራጯም እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ስድስት ዓመት የጠበቅሁትን ቤት ሌላ ሴት ልትገባበት፣ ሴራሚኬን ሌላ ሴት ልትወለውለው፣ እኔ ተመልሼ ጭቃ ቤት ልገባ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬም አሰብኩ። ለሰይድ፣ አባዬ ሐሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም፣ ለእኔ ተወው አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አባቴ ቤት ስሄድ የማደርገውን አውቄ ነው የሄድኩት። በጓሮ በኩል የፍየሎቹ በረት ነበር። ፍየል ከጠፋበት ቆይቷል፤ አጥሩንም ምስጥ ጨርሶታል። ከዚያ አጥር አንድ ቁራጭ እንጨት ነቀልኩ። ገና ስይዘው ይፈረፈር ነበር። ይዤ ገባሁና አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ከምሰሶው ነው አባዬ። ሆዱን ምስጥ በልቶታል። ነካ ሳደርገው ይኸው እጄ ላይ ቀረ። ቤቱ ይወድቅብሃል።»

በጣቶቹ አሸው። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

«ሰይድ አይቶታል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አይቶታል» አልኩት።

ምሰሶው ደህና ነበር። ሰይድም ያየው ነገር የለም። አሁን ሳስበው ያ ጥያቄ እውነቱን እንድናገር የተሰጠኝ ዕድል ነበር። ያኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን ውሸት ሳልንተባተብ በመናገሬ ልቤ ተረጋጋ።

«እንግዲያስ እንሂዳ» አለኝ አባቴ።

አዲሱ ቤት ስንገባ ጥሩ ብርሃን የሚገባበትን ሰፊ ክፍል ሰጠሁት። ለማን ነው ብርሃኑ? ቬንትሌተር ገዛሁለት፤ አዲስ ፍራሽ አነጠፍኩለት። ግድግዳው ሁሉ ለስላሳ ነበር፤ በእጁ ቢዳብሰው አንዱ ከሌላው አልለይ አለው። ሴራሚኩ ላይ ሁለት ጊዜ አዳልጦት ወደቀ። ወደ ደሴ የሚወጣውና የሚወርደው የጭነት መኪና ድምፅ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል። መስጊዱ ከአስፋልቱ ማዶ ስለሆነ ያለ ሰው መሻገር አይችልም። «ቆይ አባዬ፣ ይቺን ልጨርስ» እያልኩ የጀመዓ ሶላቱ ሲያመልጠው፣ እዚያው አልጋው አጠገብ መስገድ ጀመረ። ቃጫውን ይዞ መጥቶ ነበር። ወለሉን ያቆሽሻል ብዬ ከእጁ ወስጄ አስቀመጥኩበት። ይህንንም እኔ ነኝ ያደረግሁት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በየቀኑ፣ «ልጄ፣ በሩ በየት በኩል ነው?» ይለኝ ነበር። እጁን ይዤ አሳየዋለሁ። ከዚያ መጠየቁን ተወ። እኔ ለሰው ሁሉ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ለመደ» አልኩ። አልለመደም። መውጣት መፈለጉን ነው የተወው። ጠዋት ያስቀመጥኩት ሶፋ ላይ ከሰዓት መጥቼ እዚያው አገኘዋለሁ፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ፣ ባዶአቸውን። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ሰደቃ አወጣን። ሰው ሲበተን እትዬ ዘይነባ ወደ ኋላ ቀሩ። የአሮጌው ቤት ጎረቤታችን ናቸው፤ አባቴን እየመጡ ይጠይቁት ነበር። እጄን ይዘው ጓዳ አስገቡኝ። ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በቀለለኝ።

«አባትሽ ስለ ምሰሶው ያውቁ ነበር» አሉኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ ብለውኝ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ‹የሰጠችኝ የበረቱ ግራር ነው፤ የቤቴ ምሰሶ ከደጋ ያስመጣሁት ጥድ ነው። ሽታውን አጣዋለሁ? ግን ልጄ እኔን እስከ መዋሸት ከደረሰች በጣም ከብጃታለሁ ማለት ነው። እሱን ብዬ ወጣሁላት› ነው ያሉኝ።»

እኔ አታለልኩት ስል እሱ ፈቅዶልኝ ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ ሻይ ሳቀርብለት፣ ጥፍሩን ስቆርጥለት፣ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም። አሁን ትነግረኛለች እያለ ይጠብቀኝ ነበር? የእግሬን ኮቴ በሰማ ቁጥር ዛሬ ነው ይል ነበር? አላውቅም። ሊያስረዳኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር።

እኛ ዘንድ፣ በአላህና በባሪያው መካከል ያለውን አላህ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን አውፍ ብሎ ይቅር የሚለው ባለሐቁ ነው። የእኔ ባለሐቅ አፈር ገብቷል። ስለዚህ እናንተን አውፍ በሉኝ አልልም፤ በእጃችሁ የለም። ደክሟት ነው፣ ለእሱም አስባ ነው አትበሉልኝ። ለእሱ አላሰብኩም። ዛሬም የምኖረው በዚያው በአዲሱ ቤት ነው፤ ዛሬም ሴራሚኩን እወለውላለሁ።

ያን ዕለት እትዬ ዘይነባ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ደርሼ ያዝኳቸው። አባዬ አውፍ ብያታለሁ ብሎ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሊዋሹልኝ ይችሉ ነበር። ፊቴን አዩኝና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እሱን አልነገሩኝም ልጄ» አሉኝ።