ጋራዡ አጠገብ የነበረው ሊሾ

ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣች በዓመቱ ጁባ ውስጥ ፎርማን ነበርኩ። ፎርማን ማለት ጠዋት ጮኾ ማታ ድምፁ የሚዘጋ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ።

ኒምራ ታላታ የሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ከነጋራዡ እንድናፈርስ ተሰጠን። ቦታው ላይ ፎቅ ሊሠራ ነው። ባለቤቷ አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ፤ ከሸጡትም በኋላ በየቀኑ እየመጡ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። «ሰላም ታኪ» ሲሉኝ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ። ቆርቆሮውን እንዳንሰርቅባቸው የሚጠብቁ መስሎኝ በሆዴ እበሽቅ ነበር።

ጋራዡ አጠገብ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ፣ በስፋት ከአንድ በር የማይበልጥ ሊሾ ነበር። የሞተር ዕቃ ማጠቢያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ኮንትራክተሩ በስልክ «እሱን ለመጨረሻ ተወው» ብሎኛል፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ጋራዡ ፈርሶ ፍርስራሹን ስናወጣ ሎደሩ መዞሪያ አጣ። አሮጊቷ ያን ጠዋት ገና አልመጡም። ኦፕሬተሩን «አንሣልኝ ይሄን!» አልኩት። የባልዲውን ጥርስ ከሥሩ ሰድዶ ገለበጠው፤ ሊሾው ለሁለት ተሰበረ።

ከሠራተኞቹ አንዱ ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት ያደገ፣ አማርኛ እንደኛ የሚያቀላጥፍ ሰው ነበር። ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ጀሪካኑን ጥሎ ሮጠ።

«ኧረ ጋሼ! መቃብር እኮ ነው!»

ሳቄ መጣ። «ግቢው ውስጥ ደግሞ ማን ይቀብራል?» አልኩት።

እኛ ሰው ሲሞትብን ቤተ ክርስቲያን ነው የምንወስደው፤ ግቢ ውስጥ ማስቀረት በሕልማችንም አይመጣም። ጁባ ሁለት ዓመት ስኖር በየግቢው እንዲህ ያለ ሊሾ አይቻለሁ። ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ሠራተኛው እያለከለከ ነገረኝ። እዚያ ያለው የሴትየዋ ወንድ ልጅ ነው። ቅዳሜ ዘመዶቻቸው ከገጠር መጥተው፣ ፍየል ታርዶ፣ አጽሙን በወጉ ሊያነሱት ነበር።

አሮጊቷ በሩን አልፈው ሲገቡ አዩት። ስባሪው አጠገብ ቁጭ ብለው ፍርክስካሹን በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር። እኔ ሲጨንቀኝ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ዛሬም ድረስ የማፍረው በዚህ ነው።

«ለምን አልነገሩንም? በላቸው እንጂ!» ብዬ ሠራተኛው ላይ ጮኽኩበት።

ተረጎመላቸው። ቀና ብለው ሳያዩኝ ጥቂት ቃል ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

ሠራተኛው ሊነግረኝ አልፈለገም። ደግሜ ስጮኽበት ወደ መሬት እያየ መለሰልኝ።

«‹በየቀኑ ምሳህን እሱ ላይ ተቀምጠህ ስትበላ አይሃለሁ። የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ልጄ ብቻውን የማይተወው ሰው አገኘ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር› ነው የሚሉት፣ ጋሼ።»

ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው። በአማርኛ ነበር፤ ማንም አልተረጎመላቸውም።