ሦስት መርፌ የቀረው ዘፈን

ከጭልጋ የተነሣነው ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ነው። አጎቴ አያ ውቤ፣ እኔና አንዲት በቅሎ፤ በቅሎዋ ላይ ደግሞ በቁርበት የተጠቀለለ ሳጥን። ሳጥኑ ግራማፎን ነው። መዘውሩን ሲያዞሩት ሸክላው መርፌ ሥር እየተሽከረከረ ይዘፍናል። ባለቤቱ ሐጂ ኢድሪስ የገላባት ነጋዴ ናቸው። ጣሊያን ሲገባ መንገድ ላይ እንዳይዘረፉ ፈርተው እኛ ቤት አስቀምጠውት ወረዱ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን መንገዱ ሲከፈት «አደራዬን» ብለው ላኩብን።

የአጎቴ ጉዳይ አደራ መመለስ ነው። የኔ ግን ሌላ ነበር። ከስድስቱ ሸክላዎች በአንዱ ላይ አንዲት ሴት ትዘፍናለች። ቋንቋዋ አማርኛ አይደለም፣ ዐረብኛም አይደለም። አሁን ልታለቅስ ነው ስል ትስቃለች! ስንት ጊዜ ሰምቻት አልጠገብኳትም። ሳጥኑ ሲመለስ እሷም መሄዷ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የት አገኛታለሁ?

በዚያ ላይ ሳጥኑ ከክረምት ጀምሮ ዝም ብሏል። ሲያዞሩት ሲጢጥ ቢልበት፣ አጎቴ ጠመንጃውን በቅቤ መወልወል የለመደ ሰው አይደል፣ ሆዱን ከፍቶ ለጋ ቅቤ ሞጀረበት። የጭልጋ ብርድ ቅቤውን አረጋውና መዘውሩን ቀርቅሮ ያዘው። አጎቴ መንገዱን ሙሉ «አደራ በላ ልባል ነው» እያለ ይቆዝም ነበር።

ቁልቁለቱ

ነጋዴ ባሕር የሚባለው መንደር ስንደርስ ብርዱ ከኋላችን ቀረ፤ በማግሥቱ ጋቢዬን በቅሎዋ ላይ ጣልኩት። የእጣን ዛፍ ያየሁት ያኔ ነው፤ ልጡ እንደ ወረቀት ይላጣል። ሌላ ደግሞ ሆዱ እንደ ጎተራ የተነፋ ዛፍ አለ። እሱ ሥር ተቀምጠን በሶ በጠበጥን።

ገንዳ ውሃ ወንዝ ዳር የሰሊጥ ነዶ የሚያቆም ገበሬ አገኘን። እፍኝ ሰሊጥ ሰጠኝና በቅሎዋን አይቶ ጮኸ።

«አያ፣ ማርዎ እየፈሰሰ ነው እኮ!»

ከቁርበቱ ጥግ ጠብ ጠብ ይላል። ሰውየው በጣቱ ቀመሰውና ፊቱን አጨማደደ። «ይሄማ ቅቤ ነው። ሳጥን ውስጥ ቅቤ?»

«አንተ ሰሊጥህን አቁም!» አለ አጎቴ። እኔ በቅሎዋን ተደግፌ ሳቅሁ።

መተማና ገላባት

ሐሙስ ከቀትር በፊት መተማ ገባን። የጣሊያን ዘበኛ ወረቀታችንን አይቶ ሳጥኑን አስከፈተና ሸክላዎቹን በጠመንጃው አፈሙዝ እየነካካ ቆጠረ። እሷ ከሥር ሦስተኛ ናት። አልሰበራትም። ከዚያ ደረቁን ፈፋ ተሻገርን፤ ማዶው ገላባት ነው፣ የሱዳን መሬት።

ሐጂ አቅፈው ተቀበሉን። ከማሽላ የተጋገረ፣ እንደ ሻሽ የሳሳ ኪስራ በወጥ አቀረቡልን፤ ከርከዴም ጠጣን፣ ቀይና ኮምጣጣ። አጎቴ ግን አልጎረሰም።

«ሐጂ፣ አደራዎን አበላሽቼብዎታለሁ።»

ሐጂ ሳጥኑን ከፍተው አሸተቱ። «አንቱ ውቤ፣ ዶሮ ሊሠሩበት ነበር?»

«በቅቤ ጠመንጃዬ ተበላሽቶ አያውቅም።»

«ጠመንጃዎ አይዘፍንማ!»

እስኪያስላቸው ሳቁ። አጎቴም ያኔ ጎረሰ። ብረቱን ፈታተው በላምባ አጠቡት፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል መዘውሩ እንደ ውሃ ዞረ። ሐጂ የመርፌውን ቆርቆሮ ሲከፍቱ ግን ሳቃቸው ቆመ። ሦስት መርፌ።

«ሙሉ ነበር እኮ ስሰጣችሁ!»

የጨረስኩት እኔ ነኝ። አንድ መርፌ ከአንድ ዘፈን በላይ ከሠራ ሸክላውን ያርሰዋል ብለውን ስለነበር በየዘፈኑ ስቀይር ኖሬያለሁ። መሬት መሬት እያየሁ ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ቀጥዬም፣ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ሦስቱንም ለሷ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ! እኔስ? ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ዘፈን የለኝም?» ቆርቆሮውን እያንቃጨሉ አሰቡ። «ሁለቱ ላንቺ። አንዱ ለኔ። ሌላ መርፌ ከከሰላ እስኪመጣ እናንተ አገራችሁ ገብታችኋል።»

የስኳር መጠቅለያ ሰማያዊ ወረቀትና እርሳስ ለመንኩ። ቋንቋዋን ባላውቅም ድምፅዋን በፊደል እይዘዋለሁ ብዬ ነው። በመጀመሪያው መርፌ አንድ ፊደል አልጻፍኩም፤ ከሦስት ወር በኋላ ስሰማት እጄ ረሳው። በሁለተኛው እንደ እብድ ጻፍኩ። ለአንዱ ድምፅዋ ፊደል አጥቼለት የራሴን ምልክት ፈጠርኩለት። ግን ስትስቅ አብሬ ሳቅሁና የቀጠለው ስንኝ አመለጠኝ። ዘፈኑ አለቀ።

ሦስተኛውን መርፌ ዓይኔ እያየ ሐጂ ለራሳቸው ሸክላ ሰኩት። ዑድ ነበር፣ የዐረብ ክራር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ እንባቸው በጢማቸው ወረደ። ከዚያ በኋላ ልለምናቸው አልቻልኩም።

«የኔዋ ዘፋኝ የምትዘፍነው በማን ቋንቋ ነው?» አልኳቸው በመጨረሻ።

«ከፖርት ሱዳን መርከበኛ ነው የገዛሁት። እሱም አያውቅም።» ዘፈኑን ሰምቶ የመጣው የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ የግሪክ ነው አለ። ጨርቅ ሻጩ የህንድ ነው ብሎ ማለ። ሲከራከሩ ትተናቸው ወጣን።

ቤት

ከገላባት በተነሣን በአራተኛው ቀን ማታ ጭልጋ ገባን። የሰፈሩ ሴቶች ከበቡኝ፤ ምን አመጣሽ ሲሉኝ ወረቀቱን ዘርግቼ እያነበብኩ ዘፈንኩላቸው። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፤ የማላውቃት አገር ሴት በገዛ ፊደሌ ቤቴ ትገባለች፣ እኔ ከጻፍኳት። ካልጻፍኳት ደግሞ ትቀራለች። ሳቋ ጋ ደርሼ ቆምኩ። ቀጥሎ ባዶ ነው።

አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶን የበቅሎዋን መጫኛ ይፈታ ነበር። ያንን ዘፈን ከቁም ነገር ቆጥሮት ይሰማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሳይዞር፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ፣ የጎደለውን ስንኝ ከነቃሉ አንድም ሳያስቀር ዘፈነው።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» አለኝ። «ጻፊው እንጂ።»