ለአርባዋ የተፈለገው ስም

የልጅ ልጄ እንጀራዋ ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ ነው። አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ብጠይቃት፣ «እምዬ፣ ማሽኑ የተጻፈለትን ሲያነብ ስም ያጋጥመዋል። መጀመሪያ እዚያው ክፍል ውስጥ ወጥቶ እንደሆነ ይፈልጋል፤ ከሌለ ወደ ግቢው፣ ከዚያም ወደ ውጭ ይሄዳል። ክፍል ውስጥ የወጣ ስም ግን ደጅ ላይ አይታወቅም። የትም ካጣው አላውቀውም ብሎ ይቆማል» አለችኝ። እሷ ሥራዋን ነው ያወራችኝ፤ እኔን ግን ካገባሁበት አገር፣ ሽንፋ፣ ጣለችኝ፣ ጥልያን አገሩን ይዞ በነበረበት ዘመን።

በባሌ ቤት ሁለት ምራቶች ነበርን። በአገራችን ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የምትጠራው በሱ ብቻ ነው። ያችኛዋ ምራት ከእኔ ቀድማ ነበር የመጣች፤ ስሙን ያወጡላት አማታችን እኔ ሳልገባ ሞተዋል። ከዚያ ስም ሌላ አላውቅላትም። ማሽላው ሲያሽት አብረን ወፍ ያባረርን፣ ባሎቻችን አርበኛ ሆነው ጫካ ሲገቡ በአንድ ቁርበት የተኛን ነን።

ክረምቱ እንደ ወጣ ንዳድ ያዛትና ገደላት። ቄሱ መቃብሯ አፋፍ ቆመው የክርስትና ስሟን ጠየቁ። የባሌ አባት፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ንብ አርቢ ሽማግሌ፣ የቤቱን ስም ነገሯቸው።

«ይሄ የቤታችሁ ነው። እኔ በምን ስም ልፍታት?»

«አባቷ ያወጣላትን እንኳ ረሳሁት፣ አባ። የሠርጉ ዕለት ሰማሁት፣ ያው ነው።»

«እንግዲህ ዛሬ ልቅበራት፣ እግዜር አያጣትም። ለአርባዋ ግን ስሟን አምጡልኝ።»

ወንድ መንገድ ላይ ከተገኘ ባንዳ ይይዘዋል። እኔ መሄድ አይደክመኝም ነበር፣ ዛሬም እግሬ ቤት አይወድም፤ ተነሣሁ። የባሌ አባት፣ «አገሯ ሳንጃ ነው። አባቷም ጫካ ገብቷል አሉ፤ ስሙን መንገድ ላይ እንዳታነሺ» ብለው ሸኙኝ። ስለዚህ ሳንጃ ደርሼ በልጅቱ ስም ጠየቅሁ፣ በእኛ ቤት ስም። ማንም አላወቃት።

ወንዝ ዳር ውሃ የሚቀዱ አንዲት ሴትዮ አዘኑልኝ።

«እንዲህ የምትባል ልጅ ከኛ አገር አልወጣችም፣ የኔ ልጅ። ምንሽ ናት?»

«የባሌ ወንድም ሚስት። ሞታብኝ ነው፤ ለእናቷ ልንገር ብዬ።»

«እግዜር ያጥናሽ» አሉና እንባቸው መጣ። ውሃ በቅል ሰጡኝ። «ከየት ነው የመጣሽ?»

«ከሽንፋ።»

«ምነው ታዲያ እንዲህ መክሳት? የሽንፋን ማሽላ ወፍ ብቻ ነው እንዴ የሚበላው? የኔም ልጅ እኮ እዚያ ናት» አሉ፣ ፊታቸው እየበራ። «የባሏ አባት አንድ ዓይና ናቸው፣ ንብ ያረባሉ። ታውቂያቸው እንደሁ?»

ቅሉን ከአፌ አወረድኩ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ቃል ቢጠፋኝ፣ «የልጅዎ የክርስትና ስም ማን ነው?» አልኩ።

ሴትዮዋ ቅሉን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«እሱን የሚጠይቀው ቄስ ነው» አሉ።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ጮኸው ቢያለቅሱ ሰው ይሰበሰባል፣ ሰው ከተሰበሰበ ባንዳ ይመጣል፤ የአርበኛ ሚስት ናቸው። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ነክሰው ያዙት። ቆይተው ስሟን ነገሩኝ፤ እንዳልረሳውም ደጋግመው አስባሉኝ።

«ቅድም ማን ብለሽ ነበር የጠራሻት?»

ነገርኳቸው። ቀስ ብለው ለራሳቸው አሉት፣ እንደ ባዕድ ቃል።

«ትወደው ነበር?»

«ስንጠራት ቶሎ ነበር አቤት የምትል።»

ለአርባዋ ደረስኩ። ቄሱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ በክርስትና ስሟ ጠሯት። የቤታችን ሰው ሁሉ የሌላ ሰው ፍትሐት እንደሚሰማ ዝም ብሎ ቆሟል። የባሌ አባት ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«አሁን የጠሯት እሷን ነው?»

«አዎ፣ እሷን ነው» አልኳቸው። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመሩት።