የጥቁሩ ትምባሆ ደንበኛ

ይህ የፒፓ ነገር በጠቅላላ ያስወጣኝ የአንድ ካርቶን ዋጋ፣ ለሁለት ሳምንት የተለበለበ ምላስ፣ ልብሴ ጭስ ጭስ ስላለ ከባለቤቴ ጋር አንድ የከረረ ጭቅጭቅና አንድ ደንበኛ ነው። ደንበኛው ከእኔ አንድም ዕቃ ገዝተው አያውቁም። ቢሆንም ከኪሳራው ጋር እቆጥራቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ሱቄ ካዛንቺስ ነበር። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ ቡልጋሪያ ሰፈር ነኝ፤ ሥራው ግን ያው ነው፣ ያገለገለ የቤት ዕቃ ገዝቶ መሸጥ። የምገዛው በብዛት ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ፈረንጆች ነው። የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠ ሰው ብዙ አይከራከርም። አንድ ቀን ኦሎምፒያ አካባቢ ካለ አፓርታማ ፍሪጅና ሶፋ ልወስድ ብሄድ፣ ሰውዬው ይሄን ካርቶንም ካልገዛኸኝ ፍሪጁ የለም አለኝ። እንዲህ ሲባል መጠርጠር ነው። አገላብጬ አየሁት፣ ነቀነቅሁት፣ ግራ ቢገባኝም ገዛሁት። ሱቅ ደርሼ ስከፍተው ሦስት የእንጨት ፒፓ፣ መጥረጊያ ሽቦ፣ ትምባሆ መጠቅጠቂያ ትንሽ ብረትና ያልተነኩ የትምባሆ ጣሳዎች አገኘሁ። ግማሾቹ ጣሳዎች ላይ ፍራፍሬ ተስሎባቸዋል። ግማሾቹ ጥቁር ናቸው፤ ምንም የላቸውም።

ከየዓይነቱ አንዳንድ ከፍቼ ከካውያዎቹ አጠገብ ደረደርኳቸው። ባለ ፍራፍሬው ቫኒላ ኬክ ኬክ ይላል። ጥቁሩ የተቃጠለ ኮርቻ ነው የሚሸተው። ስለዚህ ባለ ፍራፍሬውን ውድ አደረግሁት፣ ጥቁሩን ርካሽ።

ሽማግሌው የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ሰባን የተሻገሩ፣ ኮታቸው ላይ ጋቢ ጣል ያደረጉ፣ ባርኔጣ ያጠለቁ ሰው ናቸው። እኔ የገዢ ዓይን አውቃለሁ፤ ፍሪጅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ቴሌቪዥን ነው የሚጠይቀው። እኚህ ግን በቀጥታ ወደ ጣሳዎቹ ሄዱ። ባለ ፍራፍሬውን አሽትተው እንደ ተበላሸ ወተት ገፋ አደረጉት። ጥቁሩን አፍንጫቸው ሥር ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ዋጋ ነገርኳቸው። አልገዛም አሉ። ጣሳውን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ፣ "ለማንም አትሽጠው። ራስህ አጭሰው" አሉኝ።

የማይገዛ ሰው በየቀኑ አያለሁ። የማይገዛ፣ እንዳልሸጥም የሚፈልግ ሰው ግን ያን ቀን መጀመሪያዬ ነበር። ጣሳው ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል፤ ሲወርድ ጠብቀው በነፃ ሊወስዱት ነው አልኩ በሆዴ። ከየት እንደመጡ ስጠይቃቸው ከሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ በሁለት ታክሲ አሉኝ። እኔ ሱቅ ውስጥ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ዕቃ የለም፤ ቢኖር ኖሮ ቀድሜ አውቀው ነበር።

ያም ሆኖ አጨስኩ። የማላውቀውን ዕቃ መሸጥ አልወድም፤ በቃ ይኸው ነው ምክንያቴ። የጀመርኩት በባለ ፍራፍሬው ነው። ፒፓውን ፍራሽ እንደሚሞላ ሰው አፉ ድረስ ጠቀጠቅሁት፣ እንደ ሲጋራ ማግሁት፣ ሲጠፋብኝ ደጋግሜ ላይተር ጫርኩበት። እንጨቱ በእጅ የማይያዝ ሆነ፣ ከሥሩ ውኃ ይንጎራጎር ጀመር፣ ምላሴም ተለበለበ። ሽታው ግን መንገደኛውን ሁሉ ያስቆም ነበር። ማጨሱን የምወደው መስሎኝ ነበር፤ ለካ የወደድኩት ሽታውን ነው።

ከጎኔ ሞባይል የሚጠግን ወጣት ነበር። ብቅ ብሎ አየኝና፣ "ብሮ፣ ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው ግን?" አለኝ። ትምባሆ ነው ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። ሱቅ ውስጥ ማጨስ ክልክል ስለሆነ ፒፓውን ይዤ ወደ ኋላ ግቢ፣ አሮጌ ፍሪጆቼ ወደ ቆሙበት ተሰደድኩ። ይሄኔ የእሱ ጥርጣሬ ባሰ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሽማግሌው ተመለሱ። ምላሴን ሳላወራላቸው ፊቴን አይተው አወቁ። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ትምህርት ሆነ። ትምባሆው እርጥብ ነው፣ ወረቀት ላይ ዘርግተህ ትንሽ አድርቀው። ከታች ላላ አድርግ፣ ከላይ ጠበቅ። መጀመሪያ ስትለኩሰው ያብጣል፤ ጠቅጠቅ አድርገህ እንደገና ለኩሰው። ከዚያ እርሳው። ይህቺን 'እርሳው' የምትለዋን ለመማር ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ፈጀብኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የያዝኩትን ነገር አልረሳም። እሳቸው ግን ፒፓውን እንደ ትኩስ ሻይ ነው ፉት የምትለው ይሉኛል። ከጠፋም ይጥፋ፤ መልሰህ ትለኩሰዋለህ፣ ማን ከሰሰህ።

ወር ሳይሞላ አንድ ነገር ተፈጠረ። ባለ ፍራፍሬው ሽሮፕ ሽሮፕ አለኝ፤ ከሽታው በቀር ውስጡ ባዶ ነው። ያ የተቃጠለ ኮርቻ ደግሞ እየቆየ የዳቦ ቅርፊት፣ የደረቀ ሣር፣ የቆዳ ነገር ሆነ። ግማሽ ፒፓ ይበቃኝ ጀመር። ምላሴንም ተጠራጠርኩት። ሰውዬው እየነገሩኝ ነው እንጂ በራሴ አልወደድኩትም አልኩ። አንድ ቀን እሳቸው በሌሉበት ለብቻዬ ሞከርኩት፤ እውነትም ጥቁሩ ይበልጣል። ወዲያው ዋጋውን ገለበጥኩት።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው አያጨሱም። ስጋብዛቸው ትቻለሁ ይላሉ። የተወ ሰው ደግሞ ጭስ ይሸሻል። እሳቸው ነፋሱ ዞር ባለ ቁጥር በርጩማቸውን አንስተው ጭሱ ወደሚሄድበት ይዞራሉ። መጀመሪያ ፀሐይ ሸሽተው መሰለኝ። ክረምቱ ገብቶ ፀሐይ ሲጠፋም መዞራቸውን አልተዉም። ስለዚህ ፈተንኳቸው፤ ጥቁር ጣሳ ከፍቼ እያሳየሁ ባለ ፍራፍሬውን ለኮስኩ። አንድ ጊዜ አሸተቱና ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሡ።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ እውነቱን ይንገሩኝ" አልኳቸው። "ከእኔ የሚፈልጉት ምንድን ነው?"

ተቀመጡ። ከባለቤታቸው ጋር ዕድሜያቸውን ሁሉ በሰማንያ ጋብቻ ኖረዋል። አሁን በስተርጅና አብረው ሊቆርቡ፣ ለፍልሰታ ቀን ይዘዋል። ችግሩ ፒፓው ነበር። በወጣትነታቸው ካርታ የሚያነሡበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ከአንድ የውጭ አገር አለቃ ተምረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ከእጃቸው አልተለየም። የንስሐ አባታቸው ያንን ሲሰሙ ገዘቷቸው።

"'ሁለተኛ አፍህ ውስጥ እንዳይገባ ገዝቼሃለሁ' ነው ያሉኝ" አሉ ሽማግሌው። "አልገባም። እስከ ዛሬ አልገባም።"

"አፍንጫዎስ?"

"ስለ አፍንጫ አልተነሣም።" ፈገግም አላሉ።

"ታዲያ እኔ አፍዎ ነኛ።"

"ሰነፍ አፍ ነበርክ" አሉኝ። "አሁን ደህና ነህ።"

ጥርጣሬዬ ልክ በመሆኑ ደስ አለኝ ልበል። በነፃ የሚያስተምር ሰው እንደሌለ አውቅ ነበር። ክፍያው ይህን ያህል ከሆነ ደግሞ አይከብደኝም አልኩና ጥቁሩን ለኮስኩላቸው።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ አንዲት ነጭ በነጭ የለበሱ እናት ገብተው ፌስታል ባንኮዬ ላይ አስቀመጡ። ውስጡ ጋቢ ነው። የማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ገባኝ።

"አሽትተው" አሉኝ።

አሸተትኩት። ጥቁሩ ነው፤ በደንብ የተጨሰ። ባለቤታቸው በየሐሙሱ ቂርቆስ ልሳለም ብለው እንደሚወጡ፣ ትናንት በሌላ ታክሲ ተከትለዋቸው እንደነበር ነገሩኝ። መሳለሙን ተሳልመዋል፣ አይተዋል። ከዚያ ግን እኔ ሱቅ ገቡ። ሽማግሌው ግዝቱን አፍርሰው ደብቀው ከሆነ መቁረብ የለባቸውም፤ ሴትየዋም ለብቻቸው አይቆርቡም፣ የተባሉት አብረው ነው። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቁት ነገር እኔ ባንኮ ላይ ፌስታል ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

"ልጄ፣ ያጨሳል አያጨስም?"

"እማማ፣ እኔ ሲያጨሱ አላየሁም።"

"አያጨስም አላልክም።"

ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ ካዛንቺስን ይገዟት ነበር። ልምልላቸው አፌን ከፈትኩና አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ዘጋሁት። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ ፒፓውን በርጩማ ላይ ትቼ ወደ ፊት እወጣ ነበር። አንድ ጊዜ ለአልጋ ረጅም ክርክር ተከራክሬ ስመለስ ፒፓው እየጨሰ ጠበቀኝ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። አሁን ግን አውቃለሁ፤ ማንም ያልሳበው ፒፓ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ከሽማግሌውና ከፍሪጆቹ በቀር ማንም አልነበረም።

ይህንን ለሴትየዋ አልነገርኳቸውም። ያልኳቸው፣ ሐሙስ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ ነው። ደግ ለመሆን አልነበረም፤ እኔም ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሐሙስ ከባለቤታቸው ቀድመው መጡ። ወደ ግቢው በሚያስወጣው በር መስታወት አጠገብ ከቆመ ቁም ሳጥን ጀርባ ወንበር አደረግሁላቸው። እግረ መንገዳቸውን የወንበሩን ዋጋ ጠየቁኝና በዛ አሉኝ። ሽማግሌው ሲደርሱ ከውጭ በኩል ወደ ግቢው ይዣቸው ዞርኩ። ትምባሆውን አድርቄ፣ ግማሽ ሞልቼ፣ ሁለቴ ለኩሼ እንደዚያን ቀን አድርጌ አጭሼ አላውቅም። ሽማግሌውም ምንም የሚያርሙት አጡ። ትንሽ ቆይቼ ደንበኛ ጠራኝ ብዬ ፒፓውን በርጩማው ላይ ትቼ ገባሁና ከሴትየዋ ኋላ ቆምኩ።

ጭሱ እየቀጠነ ሄደ። ሽማግሌው ቀኝ ግራቸውን አዩ። ሴትየዋ እመቤቴን መጥራት ጀመሩ። ሽማግሌው ፒፓውን አነሡት፤ እኔም በሆዴ፣ በቃ አለቀ፣ አልኩ። ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። በሌላው እጃቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ሰው ከሰል እንደሚያያይዝ ቀስ እያሉ ያራግቡት ጀመር፤ አጎንብሰው፣ አፋቸውን ግጥም አድርገው ዘግተው፣ አፍንጫቸውን ብቻ ሰጥተው። ጭሱ ተመልሶ ተነሣ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የሴትየዋ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው እየሳቁ ነው። ሳቃቸው ሲያልቅ ፊታቸውን ጠርገው በሩን ከፈቱ። ሽማግሌው አንድ እጃቸው ላይ ፒፓ፣ አንድ እጃቸው ላይ ባርኔጣ እንደያዙ ቀሩ።

"አፌ አልነካም" አሉ።

"አይቻለሁ። ከእግዚአብሔር ጋር እንደዚህ ነው የምትከራከረው?" አሏቸው ባለቤታቸው። "ይሄንኑ ለአባ ትነግራቸዋለህ። ባርኔጣውን ሳታስቀር።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ፒፓውን ለእኔ አቀበሉኝ። "ቀስ ብለህ ጨርሰው፤ እንዳታግለው" አሉኝና ሚስታቸውን ተከትለው ወጡ።

ይነግራሉ ብዬ አላመንኩም። ግማሹን ይናገራሉ፣ ባርኔጣውን ይተዋሉ ብዬ ነበር። ፍልሰታ ካለፈ በኋላ ሴትየዋ ብቻቸውን መጡ። ቆርበናል አሉኝ። ሁሉንም ነገሩ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፣ ልማድ ሆኖብኝ። ሴትየዋ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ አባ ውስጥ ሲስቁ ሰምተዋል። ከሳቁ በኋላ ግን አባ ስግደት ጨምረው፣ አፍንጫውንም፣ በርጩማውንም፣ የእኔን ሱቅም ግዝቱ ውስጥ አስገብተውታል።

ከዚያ ጥቁሩ ትምባሆ ስንት ቀረህ አሉኝ። ለክርክር የሚሆን ቦታ ትቼ ዋጋ ጠራሁ። ሳይከራከሩ ከፈሉ። የወንበር ዋጋ በዛ ያሉ ሰው የትምባሆ ዋጋ ሲበዛ ዝም ካሉ ነገር አለ አልኩ፤ ደብቀው ሊወስዱላቸው ይሆን? ጣሳዎቹን አቅፈው በር ላይ ወጡ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፣ ቦዩ ሞልቶ ይሄዳል። አንድ በአንድ እየከፈቱ ደፏቸው። ባዶዎቹን መልሰው ባንኮዬ ላይ ደረደሩልኝ፤ ለምስማር ይሆንሃል አሉኝ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው የተዘጋው። ሽማግሌውና ባለቤታቸው ቆርበዋል። ሽማግሌው አይመጡም። ጥቁሩ አልቋል። እኔ ጋ የቀረው ሦስት ፒፓና ባለ ፍራፍሬው ትምባሆ ነው፤ እሱን ማጨስ አልችልም።